ድገሚው፣ ያልፋል

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ስክሪኔ ላይ ቀይ ምልክት መጣ። አንድ ቴስት ወድቋል ይላል። ደነገጥኩ። ገና ከመግባቴ የሆነ ነገር አበላሸሁ ብዬ ከጎኔ ወደሚቀመጠው ልጅ ዞርኩ።

«የትኛው ነው?» አለኝ፣ ቀና እንኳን ሳይል። የቴስቱን ስም ነገርኩት።

«እሱ ፍሌኪ ነው ባክሽ። ድገሚው፣ ያልፋል።»

ደገምኩት። አለፈ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ዓመት ከምናምን ይቺን ምክር ስንቴ እንደሠራሁባት፣ ለስንት አዲስ ሠራተኛ በተራዬ እንዳቀበልኳት እግዜር ይወቀው።

ሙያው ሩቅ ለሆነባችሁ ላስረዳ። ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ከዋናው ኮድ ጎን ሌላ ኮድ ይጽፋሉ። የዚህ የሁለተኛው ሥራ የመጀመሪያውን መፈተን ነው፤ «አንድ ሰው 100 ብር ሲያስገባ ሒሳቡ ላይ 100 ብር ይታያል ወይ?» ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር ቴስቶቹ ሁሉ በራሳቸው ይሮጣሉ። ሁሉም ካለፉ አረንጓዴ፣ አንዱ እንኳን ከወደቀ ቀይ። ቀይ ከሆነ ሥራው ተጠቃሚ ጋ አይደርስም። ፍሌኪ የሚባለው ታዲያ ኮዱ ላይ አንዲት ፊደል ሳትነካ አንዴ የሚያልፍ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ነው። ጠዋት ቀይ፣ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ አረንጓዴ። በአማርኛ ምን እንበለው ብለን ምሳ ሰዓት ላይ ተከራክረናል። እኔ «ወላዋይ» አልኩ። ማንም አልተቀበለኝም፤ እዚህ ግን ጽሑፉ የኔ ስለሆነ እጠቀምበታለሁ።

የኛ አፕ የዕቁብ ነው። አባላት ባሉበት ሆነው በስልካቸው ይጥላሉ፣ አፑ ይመዘግባል፣ ቀኑ ሲደርስ ዕጣ ያወጣል። ትንሽ ቢሮ ነች፤ ሁለት ክፍል፣ ስምንት ሰው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያንቋርር ዩፒኤስ። ቴስቶቻችን ወደ 400 ይጠጋሉ። ከ400ው ውስጥ የሚወላውሉት ጥቂት ናቸው፣ ታዲያ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። እኔም እል ነበር። እስቲ አስሉት፦ እያንዳንዱ ቴስት ከሺህ ጊዜ አንዴ ብቻ ያለ ምክንያት ይወድቃል እንበል። ከሺህ አንዴ ምን አላት? ግን 400ው አብረው ሲሮጡ ሁሉም የሚያልፉበት ዕድል 67 በመቶ ገደማ ነው። ከሦስት ሩጫ አንዱ ማንም ምንም ሳያጠፋ ቀይ ይሆናል ማለት ነው። በቀን አሥር ጊዜ የሚያስሮጥ ቡድን በቀን ሦስቴ በውሸት ይደነግጣል። ሰው ደግሞ በየቀኑ ሦስቴ አይደነግጥም፤ ይለምደዋል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ስለራሱ ቴስቶች ያወጣውን ጽሑፍ ያነበብን ቀን ደግሞ ጭራሽ ተዝናናን። ከቴስቶቻቸው 16 በመቶ የሚጠጉት የሆነ ያህል ይወላውላሉ። ከማለፍ ወደ መውደቅ ከተገለበጡት ውጤቶች 84 በመቶ ገደማ ላይ ወላዋይ ቴስት እጁ አለበት። «ጉግል እንዲህ ከሆነ እኛ ማን ነንና!» ተባባልን። የቀረው 16 በመቶ እውነተኛ ብልሽት መሆኑን፣ እሱም ከውሸቱ ጋር አንድ ዓይነት ቀይ ለብሶ እንደሚመጣ ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ያኔ ወደ ሥራ የሚወስደኝ አንድ ሚኒባስ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ የማትጠፋ ብርቱካናማ መብራት አለች። ሾፌሩ የማርያም ስቲከር ለጥፎባታል፤ ብርሃኗ በስቲከሩ ጠርዝ በኩል ይታያል። ጋቢና በተቀመጥኩ ቁጥር «እንዴት እንዲህ ይነዳል?» እያልኩ እገረምበት ነበር። ቢሮ ገብቼ ደግሞ የድገም ቁልፉን እጫናለሁ።

አንድ ቴስት ግን በጣም አናደደኝ። «ዛሬ የተጣለ ዕቁብ በዛሬ ቀን ይመዘገባል» ነው የሚለው፤ ከሱ የቀለለ ቴስት የለንም። ሳምንት ሙሉ ያልፍና ድንገት ይወድቃል። ስትደግሙት አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ በእልህ ሦስቴ አራቴ ይወድቃል፣ ጠዋት ስትመጡ ምንም አልነካውም። በመጨረሻ ከታች ካለው ሱቅ ባለመስመር ደብተር ገዛሁና የወደቀበትን ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። ሰርቨሩ ሰዓት የሚቆጥረው በግሪንዊች ነው። 21፡40። 22፡15። 23፡05። ለእኔ ምንም የማይነግሩ ቁጥሮች ናቸው። አንድ ቀን፣ ስብሰባ ሰልችቶኝ ሥራ ፈትቼ እንጂ አስቤበት አይደለም፣ ወደኛ ሰዓት መገልበጥ ጀመርኩ፤ ሦስት መደመር፣ ስድስት መቀነስ። ከሌሊቱ 6፡40። ከሌሊቱ 7፡15። ከሌሊቱ 8፡05። ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር፣ ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ!

ስብሰባው ላይ ጮክ ብዬ ሳልስቅ አልቀረሁም። በነዚህ ሦስት ሰዓታት አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ተቀይሯል፣ ግሪንዊች ላይ ግን ገና ዛሬ ነው። ሲስተማችን ቀኑን በአዲስ አበባ ይቆጥራል፤ ትክክል ነው። ቴስቱ ግን «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የሚሮጥበትን ማሽን ነው፣ ማሽኑ ደግሞ በግሪንዊች ይመልስለታል። ቀን ቀን ሁለቱ ይስማማሉ። ዴድላይ ይዞን ስናመሽ ወይም የሌሊቱ ሩጫ ሲዘገይ ይጣላሉ። (እናቴን ብትጠይቋት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በማንም ቆጠራ ነገ አይደለም፤ ነገ የሚባለው ሲነጋ ነው። ለእሷ የሚሆን ቴስት ገና አልተጻፈም።) ማስተካከያው ቀላል ነበር፦ ቴስቱ ማሽኑን ሰዓት መጠየቁን ተወ፣ የታወቀ ቀንና ሰዓት ሰጠሁት። አንድ ሌላ ቴስት ደግሞ ሆን ብዬ በሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አቆምኩ። ዳግመኛ አልወደቀም።

ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ድል ነው። አያችሁ፣ ዋሽቶ የተገኘው ቴስቱ ነው። ኮዱ ንጹሕ ነበር። ከዚያ በኋላ ወላዋይ ቴስት ባየሁ ቁጥር መልሱን ቀድሜ አውቀዋለሁ፦ ቴስቱ ነው ጥፋተኛው። ሌሎቹንም በየተራ አየናቸው፣ ግምቴን የሚያጠናክሩ ነበሩ። አንዱ ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ ቁልፍ ሊጫን የሚቸኩል ነው። ከጎኔ ያለው ልጅ «ሁለት ሴኮንድ ይጠብቅ» ብሎ ጻፈበት፤ ሲወድቅ አምስት አደረገው፣ ሲወድቅ አሥር። መጠበቅ ያለበት ቁልፉ እስኪታይ እንጂ በሴኮንድ ተቆጥሮ እንዳልሆነ የገባን ቴስቱ ከሙሉው አፕ በላይ መንቀርፈፍ ሲጀምር ነው። ሌላው ከሱ በፊት የሮጠ ቴስት ትቶት በሄደ ዳታ የሚደናቀፍ ነው። ሁሉም የቴስት ጥፋት፣ ሁሉም ጊዜ የሚበላ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አመጣሁ። ቴስት ሲወድቅ ሲስተሙ በራሱ እስከ ሦስት ጊዜ ይሞክረው፣ ከሦስቱ አንዱን ካለፈ አለፈ ይባል። አለቃችን ወደደው፣ ሁሉም ወደደው። ቀይ ከቢሮው ጠፋ። አርብ ማታ አንድ ሰው ሳያማርር ሥራ ወጣ። ለዚህ ሐሳብ ተጨብጭቦልኛል፤ እውነቴን ነው፣ አጨበጨቡ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ደንበኞች አገልግሎት የምትሠራው ልጅ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «አንዴ ነይማ፣ ይሄ እኔ የምመልሰው አይደለም።»

ሴትየዋ በስልክ ቢደውሉ ቢደውሉ መፍትሔ ሲያጡ በአካል መጥተዋል። መንገድ ዳር ቡና ያፈላሉ። በየሳምንቱ 1,500 ብር ይጥላሉ። የዚያን ሳምንት 3,000 ተቆርጦባቸዋል። የባንኩን መልእክት እያሳዩኝ ቁጭ አሉ።

«እናቴ፣ ምናልባት ሁለቴ ነክተውት ይሆን?» አልኳቸው። ይህቺን ጥያቄ ባልጠየቅኩ ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ታዲያ እንዴት ሁለቴ አልነካ ልጄ?» አሉኝ። «‹አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ› ያለኝ የናንተው ነገር አይደል እንዴ? እሺ ብዬ ሞከርኩ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የከሰልና የቡና መግዣዬ ነበር። ጀበና ካልጣድኩ ሁለት ቀኔ ነው።»

በሆዴ «ሊሆን አይችልም» እያልኩ ነበር። ኔትወርክ እንደሚቆራረጥ፣ ሰው እንደሚደግም አስበንበታል። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ቁጥር አለው፤ ያው ቁጥር ሁለቴ ቢመጣ አንዴ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ለዚሁ ብለን የጻፍነው ቴስትም አለ፤ ስሙ ራሱ «ሁለቴ የተላከ አንዴ ይቆጠራል» ነው። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ከፈትኩት። አረንጓዴ ነው። የዚያን ቀን አረንጓዴ፣ ያለፈው ሳምንት አረንጓዴ፣ ያለፈው ወር አረንጓዴ።

ከዚያ የመጀመሪያ ሙከራዎቹን መዝገብ ከፈትኩ። እሱ አልጠፋም፣ የሚያየው ሰው ነው የጠፋው። በሁለቱ ወራት ውስጥ ያ ቴስት 31 ጊዜ በመጀመሪያ ሙከራው ወድቋል፤ 31ዱንም ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው አልፏል። ከዚያ በፊት፣ በእጅ በምንደግምበት ዘመን፣ 14 ጊዜ ተደግሟል። ከእያንዳንዱ ጎን የደገመው ሰው ስም ተጽፏል። ስድስቱ ላይ የኔ ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የድሮ የሠፈር ዕቁብ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጸሐፊው አንድ፣ ደብተሩ አንድ፣ እስክሪብቶው አንድ። ብር ስትሰጡት ስማችሁ ጎን ምልክት መኖሩን ያያል፤ ከሌለ ያደርጋል። አሁን አንድ ደብተር ላይ ሁለት ጸሐፊዎች አስቀምጡ። የአንድ ሰው ብር በሁለት መልእክተኛ እኩል ደረሰ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ቦታው ባዶ ነው። ሁለቱም ይጽፋሉ። ማንኛቸውም አልዋሹም፣ ማንኛቸውም አልሰረቁም፣ ሴትየዋ ግን ሁለት ሳምንት ጥለዋል። የኛ ሰርቨር እንደ ሁለቱ ጸሐፊዎች ነው የሚሠራው፦ መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ይጽፋል፣ በማየትና በመጻፍ መካከል ደግሞ ሽርፍራፊ ሴኮንድ አለች። ብዙውን ጊዜ አንደኛው ጥያቄ ሁለተኛው ሳይደርስ ይጨርሳል፣ ቴስቱም ያልፋል። ማሽኑ ሥራ በበዛበት ጊዜ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ይወድቃል። ሴትየዋ መንገድ ዳር ላይ ደግሞ ኔትወርኩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዞት ይቆይና ከሁለተኛው ጋር እኩል ይለቀዋል።

ማለትም ያ ቴስት አይወላውልም ነበር። የሚወላውለው ኮዳችን ነው። ቴስቱ ደግሞ እንደሚያውቀው፣ በሚችለው ጊዜ፣ 45 ጊዜ ነግሮናል።

የኔን የሦስት ሙከራ ሐሳብ ያኔ ነው በወረቀት ያሰላሁት። ከአሥር ጊዜ አንዴ የሚታይ እውነተኛ ብልሽት አለ እንበል። በአንድ ሙከራ ከአሥር አንዴ ትይዙታላችሁ። ሦስቱም ካልወደቁ ቀይ አይበራም ካላችሁ ግን የምትይዙት ከሺህ አንዴ ነው። መቶ እጥፍ ዓይናችንን ጨፍነናል፤ ለዚያውም በጭብጨባ።

አንድ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት፤ በ51 ክፍት ፕሮጀክቶች ውስጥ ወላዋይ ቴስቶችን ለመጠገን የተደረጉ 201 ለውጦችን አንድ በአንድ አይተዋል። ለመወላወል ትልቁ ምክንያት እንደኛው ቴስት በአግባቡ አለመጠበቅ ነው፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ይህን ድሮ አንብቤ በየስብሰባው ጠቅሼዋለሁ። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ነገርም አለ፦ ከጥገናዎቹ ሩብ የሚጠጉት የነኩት ቴስቱን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ኮድ ነው፣ አብዛኞቹም እዚያ የነበረ እውነተኛ ስህተት ያረሙ ናቸው። ያንን ክፍል አልፌዋለሁ። ምን ልበላችሁ፣ ሰው የሚፈልገውን ያነባል።

ጥገናው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ዳታቤዙ ራሱ አንድን ቁጥር ሁለቴ እንዳይጽፍ ከለከልነው፤ አሁን ሁለቱም ጸሐፊዎች ቢሞክሩ ደብተሩ ሁለተኛውን አይቀበልም። ቴስቱን አንድ ሺህ ጊዜ አስሮጥኩት፤ ሺሁንም አለፈ። ከዚያ የተቆረጠባቸውን ሰዎች ፈለግን። 23 ነበሩ። ቢሮ የመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከቀሩት አንዳንዶቹ ስንደውልላቸው «የሚቀጥለውን ሳምንት ቀድሜ የጣልኩ መስሎኝ» አሉን፤ ጥፋቱን ራሳቸው ላይ አድርገውት ነበር።

ያንን ደወል ግን በራሳችን ጨዋነት አልደወልነውም። የመጀመሪያው ዕቅድ ብሩን ዝም ብሎ መመለስ ነበር፣ ምን አስወራን ተብሎ። ለሴትየዋ ብራቸው ሲገባ ልነግራቸው ስደውል፣ «ሌላም ሰው ላይ ደርሶ ነበር እንዴ?» አሉኝ። 22 ሰው አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «እነሱስ ነገራችኋቸው?» አሉ። ስልኩን ዘግቼ አለቃችን ክፍል ገባሁ። ያን ዕለት ማታ ተከፋፍለን ሁሉንም ደወልንላቸው።

በማግሥቱ የሦስት ሙከራውን ነገር በገዛ እጄ አጠፋሁት። ቀይ ተመለሰ። የመጀመሪያው ወር ሲኦል ነበር፤ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ሰላምታ ቀነሱ። ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2011 የጻፈውን ምክር ያዝን፤ ወላዋይ ቴስት ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ሁሉንም ከሚበክል ለብቻው ይገለል፣ ግን ማግለያው መቀበሪያ እንዳይሆን ገደብ ይበጅለት ይላል። የኛ ገደብ አምስት ቴስት ነው። ለእያንዳንዱ ኃላፊ ሰው አለው፣ ጊዜው አንድ ሳምንት ነው። ስድስተኛ ከመጣ አዲስ ሥራ ይቆማል። ሁለቴ ቆሞብናል፣ ሁለቴም ተጨቃጭቀናል።

መድገም አልተውንም፣ ይሄን አትሳቱብኝ። እንዲያውም ከበፊቱ በላይ እንደግማለን። ግን የምንደግመው እስኪያልፍ አይደለም፤ እስኪወድቅ ነው። ማሽኑን ሆን ብለን እናጨናንቀዋለን፣ ቅደም ተከተሉን እንበጠብጣለን፣ ሰዓቱን ሌሊት እናደርገዋለን፣ 200 ጊዜ እናስሮጣለን። ሲወድቅ ደስ ይለናል። ደብተሩ አሁን የሁላችንም ነው፤ ሰዓቱ፣ ማሽኑ፣ ከሱ በፊት የሮጠው ቴስት ይጻፍበታል።

ዛሬ ማግለያው ውስጥ ሁለት አሉ። አንዱ ገጽ የመጠበቅ ነገር ነው፣ ያልቃል። ሌላው የኔ ነው፤ «ዕጣ የወጣለት ሰው ዳግመኛ ዕጣ ውስጥ አይገባም» ይላል። 200 ጊዜ አስሮጥኩት፣ አንዴም አልወደቀልኝም። ማክሰኞ ከቀኑ 10፡20 ላይ ግን ወድቋል። ከሱ በፊት የሮጠው አባል የሚሰርዘው ቴስት ነው። የሚቀጥለው ዕጣ እሑድ ይወጣል፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።